አጥር የሌለው ሙዚየም፦ የወሎን ነባር ቤቶችና የእጅ ሥራዎች በአንድ ሳምንት እንዴት እንደሚጎበኙ

ሌላ አገር ነባር ቤቶችን ከያሉበት ነቅለው አንድ ግቢ ውስጥ መልሰው ይተክሏቸዋል። ስዊድን ውስጥ ስካንሰን የሚባለው ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1891 ሲከፈት እንዲህ አድርጎ ነው የጀመረው። ትኬት ትቆርጣላችሁ፣ ከቤት ቤት ትዞራላችሁ፣ ሸክላ ሠሪዋን ታያላችሁ፣ ትወጣላችሁ።

ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ግቢ ፍለጋ አትድከሙ። ነባሮቹ ቤቶች ድሮ የተሠሩበት ቦታ ላይ ናቸው። ሰው ይኖርባቸዋል። ምድጃቸው ይጨሳል፣ ደጃቸው ላይ ዶሮ ይጭራል። ስለዚህ ቤቱን የምታዩት እንግዳ ሆናችሁ ነው። እንግድነት ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። ብዙ ሰው ላሊበላን አይቶ ይመለሳል፤ እነዚያን አብያተ ክርስቲያናት በጠረቡት ሰዎች ልጆች ቤት ግን አንድ ሲኒ ቡና ሳይጠጣ። ይሄ ያንገበግበኛል። ይህን መመሪያ የጻፍኩትም ለዚህ ነው።

1. ሳምንቱን በገበያ ቀን ቀምሩት

የእጅ ሥራ በብዛት የሚገኘው ገበያ ላይ ነው። ሸክላ ሠሪዋም፣ ሸማኔውም፣ ሰፌድ ሰፊዋም ቀኑን ጠብቀው ይወጣሉ። ሦስቱን ቀኖች ያዙ፦ ሰንበቴ እሑድ፣ ባቲ ሰኞ፣ ላሊበላ ቅዳሜ።

እኔ የምመክረው አካሄድ ይሄ ነው። ቅዳሜ ደሴ። እሑድ ሐይቅና አካባቢው። ሰኞ ባቲ። ማክሰኞ ከሚሴ ገብቶ ማደር። ረቡዕ ሾንኬ። ሐሙስና አርብ በወልድያና በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ። ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ። ከአዲስ አበባ በመኪና እሑድ የምትነሡ ከሆነ ደግሞ ሰንበቴ መንገዳችሁ ላይ ናት፤ ጎራ በሉባት፣ የሐይቁን ቀን ወደ ማክሰኞ ግፉት።

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአውሮፕላን ከሆነ ኮምቦልቻም ላሊበላም አየር ማረፊያ አላቸው። ከመነሣታችሁ በፊት ግን ስለ መንገዱ ሰላም የዚያኑ ሰሞን የተመላለሰ ሹፌር ጠይቁ። እሱ «ይቅርባችሁ» ካለ ይቅርባችሁ።

ወቅቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሆን ጥሩ ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ እህሉ እየገባ ነው። አዝመራ ሲሰበሰብ ሰው ቤቱን ያድሳል። ዕድለኛ ከሆናችሁ ደቦ ወጥቶ ቤት ሲከደን ትደርሳላችሁ። ላሊበላ ያለችበት የላስታ አገር ልጃገረዶች ለብሰውና ተሠርተው የሚወጡበትን አሸንድዬን ማየት የፈለገ ደግሞ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ይሂድ። ጭቃውን ግን ይቻለው።

2. ከደሴ ጀምሩ፤ መጀመሪያ ስሙን ተማሩ

ደሴ ሙዚየም በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረ ቤት ውስጥ ነው ያለው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ሙዚየሙ ተዘርፏል፣ ጉዳት ደርሶበታል። ከመሄዳችሁ በፊት የትኛው ክፍል ክፍት እንደሆነ ጠይቁ። ሕንፃው ራሱ ግን መታየት ያለበት ነው።

ከዚያ ወደ አይጠየፍ ውጡ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፦ ድሃ ነው፣ ሀብታም ነው ሳይባል፣ ሰው ሳይጠየፍ የሚበላበት። ወሎን ለመጎብኘት የመጣ ሰው ይህን ስም በልቡ ይዞ ቢዞር ደስ ይለኛል።

ደሴ ላይ አንድ የቤት ሥራ አለባችሁ። ደብተር ያዙና የዕቃዎቹን ስም ጻፉ። አገልግል፣ ሙዳይ፣ ገበቴ፣ ስልቻ፣ አቁማዳ፣ እንዝርት፣ መዳመጫ፣ ደጋን፣ ጎታ፣ መጅ። የከተማ ልጅ ከሆናችሁ ግማሹን ላታውቁት ትችላላችሁ። ስሙን አውቆ የጠየቀ እንግዳ ሲመጣ ባለቤቲቱ ፊቷ ይበራል። «ያ ነገር ምንድን ነው?» ከማለትና «ይሄ ጎታ የእርስዎ እጅ ነው?» ከማለት የቱ ወሬ እንደሚከፍት እናንተው ፍረዱ።

3. ሰው ቤት አገባብ

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሄዱ ሐይቅ ትደርሳላችሁ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እዚያው ነው፤ ወደ ገዳሙ የሚገቡት ወንዶች ብቻ ናቸው። ከከተማዋ ወጣ ሲባል ግን የገበሬው ቤት ይጀምራል። ብዙው ቆርቆሮ ለብሷል። የሣር ክዳን ጎጆ የምታገኙት በመንገድ ዳር ሳይሆን ገባ ብላችሁ ነው።

ብቻችሁን አትግቡ። የአካባቢውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፣ የሆቴሉ አስተናጋጅ አጎት ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር ባለቤቶቹ የሚያውቁት ሰው መሆኑ ነው።

ደጃፍ ላይ ቁሙና «ቤቶች!» በሉ። «ቤት ለእንግዳ!» ሲባል ግቡ። ጫማ ወልቆ ካያችሁ አውልቁ። ሰላምታውን አታሳጥሩት፤ ወሎ ላይ ሰላምታ ጊዜ ይወስዳል። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ትጠየቃላችሁ፣ ትጠይቃላችሁ። ትልቅ ሰው ፊት አንቱታ አይዘንጋችሁ።

ስም ሰምታችሁ ሃይማኖት አትገምቱ። ወሎ ነው። በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለ፤ አባትና ልጅም የሁለቱን ስም ተካፍለው ልታገኙ ትችላላችሁ። ለዚህ ነው ስጦታ ሲታሰብ ሥጋ የማይያዘው። ጥሬ ቡናና ስኳር ያዙ። ይህ የማይገባበት ቤት የለም። ረመዳን ከሆነ በቀን ቡና አትጠብቁ፣ ውሃችሁንም ከሰው ፊት ዞር ብላችሁ ጠጡ።

ቡናው ከቀረበ ቁጭ በሉ። በአቦል ተነሥቶ መሄድ ነውር ነው። ቶናው አለ፣ በረካው አለ። ምርቃት ሲጀመር መዳፋችሁን ዘርግታችሁ «አሜን» በሉ። እዚህ ላይ የሚጠፋው ሁለት ሰዓት የጉብኝቱ ትርፍ እንጂ ኪሳራ አይደለም። ቤቱን የምታዩት እኮ ቁጭ ስትሉ ነው።

አንድ ጊዜ የሠራሁትን ስሕተት ልንገራችሁ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለች አሮጌ ሙዳይ አየሁ። ቀለሟ ደብዝዟል፣ ስፌቷ ግን እንደ ጥርስ የተገጠመ ነው። «እማማ፣ ይቺ ትሸጣለች?» አልኩ። ሴትዮዋ ዝም አሉ። ቡናውን ቀዱ። ቆይተው «ስዳር እናቴ የሰጠችኝ ናት» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ዕቃ አላወሩልኝም፤ ያንን ቀን ሙሉ የተከፈተው በር ተዘጋ። ሰው ቤት ያለ ዕቃ ዋጋ አይጠየቅም። ስለ መግዛት በኋላ እመጣበታለሁ።

4. ቤቱን አንብቡት

ዐይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ታገሡ። ከዚያ ከላይ ጀምሩ። ምሰሶው መሐል ቆሟል። ከእሱ ወደ ዙሪያው ወጋግራዎቹ ይወርዳሉ። ጥቁር ናቸው። ጥቀርሻ ነው። ቆሻሻ እንዳይመስላችሁ። ጭሱ እንጨቱን ከነቀዝና ከምስጥ ይጠብቃል፣ ሣሩንም ያቆየዋል። ሰው ያልኖረበት፣ እሳት ያልነደደበት ጎጆ ቶሎ የሚበላው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ግድግዳው። ጭቃና ጭድ ተቦክቶ በማገሩ ላይ ይለጠፋል። ወደ ብርሃኑ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ቅስት ቅስት የሚመስሉ መስመሮች ታያላችሁ። የጣት ፈለግ ነው። አራት ጣት፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ክንድ እስከሚደርስበት ድረስ። እዚያ ላይ የለሳኙ ቁመት ይነበባል፤ የእጁ ስፋት ይነበባል። እኔ ይህን ባየሁ ቁጥር እጄን አጠገቡ ሳልለካ አላልፍም።

መደቡ ላይ ቁርበት ተነጥፏል፤ ቀን መቀመጫ፣ ማታ መኝታ። ወለሉ በእበት ተለቅልቋል፣ ለዚያ ነው አቧራ የማይነሣው። ጥግ ላይ ጎታው ቆሟል። ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት ነው የሚሠራው። እህሉ ከላይ ይገባል፣ ከታች ባለው ቀዳዳ ይወጣል። ቀዳዳዋ በጨርቅ ተወትፋለች። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል ማለት ነው፤ አሮጌው እህል ታች ተቀብሮ አይቀርም። ጎታው ከበሩ ስለሚሰፋ አይወጣም። እዚያው ቤት ውስጥ ተሠርቶ እዚያው ያረጃል።

ወፍጮውን ሳታዩ አትውጡ። አሁን የሞተር ወፍጮ በየቦታው አለ፤ ድንጋዩ ግን ከጓዳ አልወጣም። ለበርበሬ፣ ለቅመም፣ ለጥቂት ቆሎ ያገለግላል። ሐይቅ አካባቢ አንድ ቤት ያየሁት ወፍጮ መሐሉ እንደ ጀልባ ጎድጉዷል። «እናቴ ፈጭታበታለች፣ እናቷም» አሉኝ ባለቤቲቱ። መጁን፣ በእጅ የሚገፋውን የላይኛውን ድንጋይ፣ አንሥተው እጄ ላይ አስቀመጡት። ከበደኝ። በሁለት በኩል ለስልሷል፣ መዳፍ የሚያርፍበት ቦታ ደግሞ ለብቻው ጎድጉዷል። አውራ ጣቴን ሳስገባው ልክ ገባ። ድንጋዩ ሲለሰልስ በሌላ ድንጋይ እየተወቀረ ይሻከራል። በየወቀራው ትንሽ ትንሽ ያልቃል። ሦስት ትውልድ የበላው እንጀራ ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው የወጣው።

«ልሞክር?» ብትሉ ይፈቀድላችኋል። አምስት ደቂቃ ፍጩ። ጉልበታችሁና ወገባችሁ ከዚያ ወዲያ ያለውን ይነግራችኋል።

5. ባቲ ላይ ከማለዳው ድረሱ

ባቲ ደጋና ቆላ የሚገናኙባት ናት። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ነድቶ፣ ጨው ጭኖ ይወጣል። ደገኛው እህሉን ይዞ ይወርዳል። ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው አለ። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን አንዱ የእሷን ስም መያዙ አይገርምም።

ከረፋዱ በፊት ግቡ፤ ፀሐይዋ አትቻልም። መጀመሪያ ወደ ሸክላ ተራ ሂዱ። ከዚያ የሰሌን ምንጣፍ የሚሸጡትን ፈልጉ። ሰሌኑን ስታዩ ቤት አስቡ። የአፋር ዳቦይታ ከጎበጡ እንጨቶችና ከሰሌን የሚቆም ነው። ተነቅሎ ግመል ላይ ይጫናል፣ ሌላ ቦታ ይተከላል። የሚነቅሉትም የሚተክሉትም ሴቶቹ ናቸው። በአንድ ሳምንት ውስጥ የማይነቃነቅ የድንጋይ ቤትና በግመል የሚጓዝ ቤት ማየት ወሎ ላይ ይቻላል።

6. ሾንኬ

ይህን ቀን አትዝለሉት። ሾንኬ ከከሚሴ ወጣ ብሎ በደዋ ጨፋ ወረዳ ተራራ ላይ ያለ የአርጎባ መንደር ነው። ቤቶቹ በድንጋይ የተሠሩ፣ ቁልቁለቱን ይዘው እርስ በርስ ተደጋግፈው የቆሙ ናቸው። ከሩቅ ሲታይ ተራራውና መንደሩ አይለዩም። ጠጋ ስትሉ ነው ድንጋዩ ውስጥ በር እንዳለ የምታዩት።

ሾንኬ የእስልምና ትምህርት ቦታ ነው። ከ19ኛው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት ሼህ ጀውሃር የታወቁት በሾንኬ ስም ነው። ስለዚህ አለባበስ ይታሰብበት። ሴቶች ሻሽ ያዙ፣ ወንዶች ቁምጣ አትልበሱ። አርብ የጁምዓ ቀን ስለሆነ እኔ ረቡዕን መረጥኩላችሁ። ሲገቡ «አሰላሙ አለይኩም» ነው።

ከአንድ ቀን በፊት ከሚሴ ላይ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ጠይቁና ከመንደሩ ሰው ጋር ያገናኟችሁ። ውሃ ያዙ፣ አቀበት አለ። የሚይዝ ሶል ያለው ጫማ አድርጉ።

እዚያ ስትደርሱ ጆሯችሁን ክፈቱ። አብዛኛው አርጎባ ዛሬ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ነው የሚናገረው። ሾንኬና ጎረቤቷ ጦልሃ ግን አርጎብኛውን አልጣሉትም። አስጎብኚያችሁን «ይሄ ቤት በአርጎብኛ ምን ይባላል? በሩስ? ምሰሶውስ?» እያላችሁ ጠይቁ። ደሴ ላይ የጀመራችሁት ደብተር አጠገብ ሁለተኛ ዓምድ ይከፈታል። ለእኔ ከዚያ ጉዞ የቀረኝ ትልቁ ንብረት ያ ገጽ ነው።

ጠባቡ መተላለፊያ ላይ ከፊት የሚመጣ ሰው ካለ ቆማችሁ አሳልፉ፤ ውሃ ወይም እንጨት ተሸክሞ ይሆናል። የሰው ቤት ጣሪያ ላይ ለፎቶ ብላችሁ አትውጡ።

7. ላስታ፦ ክቡ ባለ ፎቅ ቤት

ላሊበላ 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት ለማየት አንድ ሙሉ ቀን ስጡ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቧቸዋል። ስለ እነሱ የሚነግራችሁ አስጎብኚ አይጠፋም፤ እኔ ስለ ጎረቤቶቻቸው ልንገራችሁ።

የላስታ ነባር ቤት ክብ ነው፣ ከአካባቢው ቀይ ድንጋይ የተሠራ ነው፣ ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ታች ከብት ወይም ዕቃ፣ ላይ ሰው። መወጣጫው ከውጭ ነው፣ የድንጋይ ደረጃ። ማታ ከታች የከብቱ ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል፤ ላስታ ብርድ ያለበት አገር ነው። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ ከነበሩት ብዙዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። ከቤቶቻቸው የተወሰኑት ግን እዚያው ቆመዋል። ባዶ ናቸው። ምድጃቸው ቀዝቅዟል። የሐይቁን ጎጆ ካያችሁ በኋላ እዚህ ስትቆሙ ልዩነቱ ይሰማችኋል። ስለዚህ ከከተማዋ ወጣ በሉና ሰው ያለበትን ፈልጉ።

ጊዜ ካላችሁ ይምርሐነ ክርስቶስን ጨምሩ። ዋሻ ውስጥ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው። ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በኖራ የተለሰነ ድንጋይ እየሆነ የወጣ ነው። የአክሱም ዘመን አሠራር ምን ይመስል እንደነበር በዐይን የሚያሳይ ሕንፃ ነው።

8. ከሠሪው እጅ ግዙ

አሮጌ ዕቃ አትግዙ። ብራና፣ መስቀል፣ ከሰው ጓዳ የወጣ ጥንታዊ ነገር ማንም ቢያመጣላችሁ እንቢ በሉ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ሕጉ ባይኖርም ያ ዕቃ ቤቱ ይሻለዋል። አዲስ ግዙ፣ ከሠራው ሰው እጅ ግዙ።

ሸክላ ስትገዙ ጣታችሁን አጠፍ አድርጋችሁ አንኳኩት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። ድምፁ ከታፈነ ስንጥቅ አለው። ጀበና ከሆነ ውሃ አስሞልታችሁ አንገቱ የተያያዘበትን ቦታ እዩ፤ የሚያዥው እዚያ ጋ ነው። ምጣድ ከገዛችሁ ቤት ስትገቡ በጎመን ዘር አሟሹት። ሳይሟሽ እንጀራ አይለቅም።

ሰፌድና መሶብ ወደ ፀሐይ ያዙት። ብርሃን ካላሳለፈ ስፌቱ ጠብቋል። ዛሬ ከስንደዶና ከአክርማ ሌላ የማዳበሪያ ከረጢት ክር የሚቀላቅሉ አሉ። ቀለሙ ያምራል፣ ርካሽም ነው፤ የምፈልገው የሣሩን ነው ካላችሁ ግን ለይታችሁ ጠይቁ።

ጋቢና ነጠላ ላይ ክሩን ተመልከቱ። የእጅ ፈትል አንዱ ጋ ወፈር፣ አንዱ ጋ ቀጠን ይላል። የፋብሪካ ክር ወጥ ነው። ሸማኔውን ሥራ ላይ ካገኛችሁት እግሩን እዩ። ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ መርገጫውን ይረግጣል፣ እጁ መወርወሪያውን ይሰዳል። አንድ ጋቢ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠይቁትና ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ ተነጋገሩ። ተከራከሩ፣ ገበያ ነው። የሰውን ጉልበት እስከማዋረድ ግን አትድረሱ።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፣ ብረት ሠሪውን «ቀጥቃጭ»፣ ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» እያልን የኖርን ሕዝብ ነን። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ስድቡ ከአንዳንድ አፍ እስከ ዛሬ አልጠፋም። የበላንበትን፣ የጠጣንበትን፣ የለበስነውን የሠሩት እነዚያው እጆች ናቸው። ስትጠሯቸው «ባለሙያ» በሏቸው። ስማቸውን ጠይቁ። ጋቢውን ያየ ዘመድ «ማን ሠራው?» ሲላችሁ የሰው ስም ጥሩለት።

9. ፎቶ፣ ገንዘብ፣ ስንብት

ፎቶ ከቡናው በኋላ ነው፣ ያውም ተፈቅዶ። እንቢ ካሉ በቃ፣ አትለማመጡ። ለልጆች ብርና ከረሜላ አትስጡ፤ መንገድ ላይ መለመን እንዲለምዱ ታደርጋላችሁ። ለቤቱ የምትሰጡት ካለ ስትወጡ ለባለቤቲቱ በእጃቸው «የቡና» ብላችሁ ስጡ። መጀመሪያ «አይሆንም» ይሉ ይሆናል። አንዴ ደግማችሁ ለምኑ።

ያነሣችሁትን ፎቶ ደሴ ወይም ላሊበላ ላይ በወረቀት አሳትሙት። ሰው ሞባይል ላይ ያየው ፎቶ ያልፋል፤ የወረቀቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ጀርባው ላይ የቤቱን ባለቤት ስምና የቀበሌውን ስም ጻፉ። ፖስታ ውስጥ ከትታችሁ በዚያ መስመር ለሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ስጡት። «ሐይቅ ሻይ ቤቷ ጋ አድርስልኝ» ብትሉት ያደርሳል።